በባጃጁ መስታወት

ልጄ ሸምሱ ቃል የለውም። ዝምታው እንደ ጦሳ ነው፣
ደሴ ከሥሩ ሲንጫጫ ጉሙን ጠምጥሞ የሚያየው።
ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። የሚወደው ባጃጄን ነው፣
ሞተሩ ሲያጉረመርም አብሮ ነው የሚያጉረመርመው።

አምና በጥቅምት ብርድ፣ ሌሊት ሌሊት እየነቃ
ግንባሩን ከግድግዳው ያጋጭ ጀመር፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።
እናቱ ሰዓዳ ቀራችለት፤ ጎረቤት ጸበል አመጣች፤
አክስቴ "የሰው ዓይን ነው" ብላ ጤና አዳም አሸተች።
እኔ፣ አባት ተብዬው፣ ከሰኞ ገበያ ሆጤ ስመላለስ አምሽቼ
"አመሉ ነው" አልኩና ተኛሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ።

ሃያ አንድ ሌሊት።
አንድ ሰው እንኳ አፉን ከፍቶ አላየለት።

"አመመኝ" የምትል አንዲት ቃል ያልደረሰችው ልጅ
ግድግዳውን ነበር የሚያናግረው፤ ግድግዳው ሰማው እንጂ
እኛ አልሰማንም።

ሆስፒታል አስተኝተው ነቀሉለት፤ ሁለት መንጋጋ፣ ከሰል የመሰለ።
አመለወርቅ፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ ጨርቅ ላይ አኑራ አሳየችን፦
"ይኼ የዛሬ ሥራ አይደለም። ምን ትሰጡታላችሁ ማታ ማታ?"
ኪሴ ከበደኝ። ከረሜላ ነበረበት፣ በሳንቲም ፈንታ
ባለሱቁ የሰጠኝ። የየቀኑ መልሴ፣
ለልጄ ይዤለት የምገባው፣ የፍቅር ማስረጃ በኪሴ።

እኔስ ምን አውቄ? ጨቅላ ሆኜ ተቅማጥ ሲይዘኝ
"ግግ ነው" ብለው በወስፌ ድዴን ፈልፍለው አወጡልኝ።
የክራንቻዬ ቦታ ባዶ ነው፤ ስስቅ እጄን አስቀድማለሁ፤
ጥርስ ማለት የሚነቀል ነገር ነው ብዬ አድጌአለሁ።

በቀጠሯችን ልታየው ስትል አራት ሆነን ያዝነው። ጮኸ።
"ልቀቁት" አለች። "አፍ በር ነው። ሳታንኳኩ አትግቡ።"
ብሩሹን በእጁ ሰጠችው፤ "ሳምንት ሙሉ በእጁ ይደር፤
ከዚያ ጉንጩን ይንካው፤ ከዚያ ከንፈር፤
ከዚያ አንድ ጥርስ፣ አንድ ብቻ። ቁጠሩና አቁሙ።
ሳሙናው የአተር ፍሬ ያህል። ነገም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፤ አትጣደፉ፣ አትቅደሙ።"

አንዱን ብሩሽ ቦይ ወረወረው። ሁለተኛውን አኝኮ ጨረሰው።
በሦስተኛው፣ እኔው ነበርኩ ልወረውር የደረስኩት ሰው።

አንድ ማታ ቧንቧ ውሃ፣ ደጃችን ላይ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆሜ
መስታወቱን እያየሁ መፋቂያዬን ስፍቅ፣ ደክሜ፣
ሸምሱ ከኋላ ወጣ። መስታወቱ ውስጥ አየኝ። ሞተሩ "እምምም" ሲል
እሱም "እምምም" አለ፤ የከንፈሩ በር ገርበብ ሲል
ብሩሹን አስጠጋሁ። ጉንጩን አንኳኳሁ። አልሸሸም።
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት ላይ ነከሰው፤ ግን አልጣለም።

ከዚያ ወዲህ በየማታው ነው። ሰፈሩ ይስቃል፤
"ሙሄ ቤንዚኑን ለልጁ ጥርስ ያቃጥላል!"
ይቃጠላ! ሁለት ደቂቃ ነው። ወረፋ ቆሜ የቀዳሁት ቢሆንስ፣
የዚያን ጥቅምት ሌሊቶች ማን በሊትር ይሰፍራል?

አሁን ከወደ ኋላ አዲስ መንጋጋ ብቅ ብሏል፣ ነጭ።
"ይኼ የወተት አይደለም፤ ምትክ የለውም" ብላኛለች።
ባለሱቁን "ሳንቲም ከሌለህ ክብሪት ስጠኝ" እለዋለሁ፤
ቤቴ ክብሪት ሞልቷል። እኔው ሱቅ ሳልከፍት አልቀርም፣ እስቃለሁ፣
እጄን ሳላስቀድም።

ትናንት ግን ዝናብ ደብድቦኝ ገብቼ፣ ሳልበላ ጋደም እንዳልኩ
አንድ ቀዝቃዛ ነገር መዳፌ ላይ አረፈ፤ ዓይኔን ገለጥኩ።
የባጃጁ ቁልፍ።
ሸምሱ ከራስጌዬ ቆሟል፣ በሌላ እጁ ብሩሹን ይዞ።
ቃል የለውም።
"እምምም" አለ።